የፕሮጀክት ግምገማን ለማኅበረሰቡ በእርግጥ አሳልፎ የሰጠ አለ?

የመስክ ማስታወሻ (ሀዋሳ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ክትትልና ግምገማ ላይ ስሠራ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቢሮዬ ሀዋሳ ነው፣ መስኩ ደግሞ ሲዳማ ውስጥ ያሉ የገጠር ቀበሌዎች። ፕሮጀክታችን ለሴቶች ፍየል ይሰጣል፣ በቁጠባ ቡድንም ያደራጃቸዋል። ገንዘቡ የሚመጣው ከአንድ የውጭ በጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ነው።

ባለፈው ወር የማጠቃለያ ዳሰሳ ነበረን፣ እኔም ከዳታ ሰብሳቢዎቹ ጋር ወጣሁ። አንዲት እናት ጓሮ ገባን። እንሰት እየፋቁ ነበር። ዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ በእግራቸው ወጥረው ይዘው በቀርከሃ ይፍቃሉ፣ ውሃው ከታች ይንጠባጠባል። ታብሌቱ ላይ 112 ጥያቄ አለ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ። እሳቸው አንድም ጊዜ ሥራቸውን አላቆሙም። ስንጨርስ ቀና ብለው አዩኝና "ከሦስት ዓመት በፊትም እንዲህ ጠይቃችሁኝ ነበር፣ ያኔ የነገርኳችሁ የት ደረሰ?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የመነሻ ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ 84 ገጽ ሆኖ ለዶነሩ ሄዷል። ወደዚያ ቀበሌ አንድ ገጽ እንኳን አልተመለሰም። እኔው ነኝ የጻፍኩት።

ታብሌቱ ከተዘጋ በኋላ ነው ዋናውን ነገር የነገሩኝ። በር ድረስ ሲሸኙን። የቁጠባ ቡድኑ የሚሰበሰበው በገበያ ቀን ነው። ገበያ የምትወጣ ሴት ትቀራለች፣ የቀረች መቀጮ ትከፍላለች፣ ሕፃን ያላቸው ሦስት ወጣት ሴቶች መቀጮው ሲደራረብባቸው ወጡ። ይህን ሊይዝ የሚችል ጥያቄ ከ112ቱ ውስጥ የለም።

ቋንቋው ሌላ ጣጣ ነው። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ቢሮ ውስጥ ወደ አማርኛ እንተረጉመዋለን፣ ልጆቹ ደግሞ ሜዳ ላይ እንደየአቅማቸው ወደ ሲዳምኛ ይመልሱታል። "አቅምሽ ጎልብቷል ወይ" የሚለው ጥያቄ አንዷ ጋር "ጉልበትሽ ጨምሯል ወይ" ሆኖ ደረሰ። እሷም ወገቧን እንደሚያማት መለሰች። መልሱ "አይደለም" ተብሎ ተመዘገበ።

አሁን ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ነው። የግምገማውን ዕቅድ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የፋውንዴሽኑ ኃላፊም "ሀሳብ ካላችሁ አምጡ" ብላለች። "አሳታፊ" የሚለው ቃል በሁሉም ፕሮፖዛል ውስጥ አለ፣ እሱን አውቀዋለሁ። እኔ የምፈልገው የሠራችሁትን ነው። ጥያቄውን ማን አወጣ? መረጃውን ማን ሰበሰበ? "ተሳክቷል፣ አልተሳካም" ብሎ የፈረደው ማን ነው? ውጤቱንስ መጀመሪያ የሰማው ማን ነው?

---

የቀድሞ ዳታ ሰብሳቢ (ደሴ)

እህቴ፣ እኝህ እናት የጠየቁሽን እኔም ስንት ቤት ተጠይቄዋለሁ። ስድስት ዓመት ታብሌት ይዤ ዞሬያለሁ፣ ብዙውን ወሎ ውስጥ።

መጀመሪያ "ግምገማ" የሚለውን ቃል ተዪው። ከምሬ ነው። እኛ አገር ግምገማ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው በኢሕአዴግ ጊዜ የነበረው ስብሰባ ነው። ሂስ፣ ግለ ሂስ፣ ከዚያ አንዱ ከቦታው ይነሳል። "ለግምገማ ነው የመጣነው" ስል የሰው ፊት ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዉ የሚፈራው ለራሱ ብቻ አይደለም። "መጥፎ ነገር ብናገር ያቺ የልማት ሠራተኛ እንጀራዋ ይቀርባታል" ብሎም ያዝናል። ስለዚህ "ይመስገን፣ ሁሉም ጥሩ ነው" ይልሻል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ሁለተኛ፣ ስም መጻፍ። ሴፍቲኔት በ1997 ከተጀመረ ወዲህ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ለእርዳታ የሚመዘግብ ይመስላል። ከብቱ ይቀንሳል፣ የቤተሰቡ ቁጥር ይጨምራል። አልፈርድባቸውም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ሦስተኛው የእኛ ጉዳይ ነው፣ ማንም አይጽፈውም። እኔ የሚከፈለኝ በሞላሁት ቅጽ ነበር። ስድስት ካልሞላሁ ቀኑ አይሸፍነኝም። አንዲት እናት ልባቸውን ከፍተው ማውራት ሲጀምሩ እኔ የማስበው ቀጣዩን ቤት ነው። ቤቱን የሚመርጥልኝም የቀበሌው መሪ ነው፣ ከፊቴ እየሄደ። በር ላይ ቆሞ እየሰማ ስለ ቀበሌ አገልግሎት ልጠይቅ?

የተሻለ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጠያቂዎቹ ከዚያው ጎጥ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ነበሩ፣ ክፍያው በቀን፣ ጥያቄው 14 ብቻ። ማምሻውን ቡና ተፈልቶ የሰሙትን እርስ በእርስ ይነጋገሩ ነበር። ያ ቡና ላይ የተወራው ከታብሌቱ በላይ ነበር።

---

አማካሪ ነኝ (አዲስ አበባ)

ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከላይኛው ወገን ልጨምር፣ ግምገማ ስሠራ ወደ 15 ዓመት ሆኖኛል።

ነገሩ የሚበላሸው መስክ ላይ ሳይሆን ቲኦአሩ፣ ማለትም አማካሪው ምን እንደሚሠራ የሚዘረዝረው ሰነድ፣ ሲጻፍ ነው። ቲኦአሩ እጄ ሲገባ ጥያቄዎቹ ተጽፈው አልቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ የኦኢሲዲ (የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) የልማት ዕርዳታ ኮሚቴ መስፈርቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 አምስት ነበሩ፣ በ2019 አንድ ተጨምሮ ስድስት ሆነዋል። መስፈርቶቹ መጥፎ አይደሉም። ኮሚቴው ራሱም በጭፍን አትጠቀሙባቸው፣ እንደየሁኔታው አስማሙ ይላል። ግን "ውጤታማ ነው ወይ" ሲባል በማን ዓይን? ቲኦአሩ ይህን አይመልስም። ከዚያ 25 የሥራ ቀን ይሰጡኛል፣ ከዚህ ውስጥ ስድስቱ መስክ ነው። መኪና የሚገባበት ቀበሌ ይመረጣል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

ለአገራችን ድርጅቶች ሌላም ታሪክ አለው። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 ወጪን 70 በመቶ ለሥራ፣ 30 በመቶ ለአስተዳደር ብሎ ሲከፍል፣ በመመሪያው ክትትልና ግምገማ፣ ሥልጠና፣ ትራንስፖርት የመሳሰለው እንደ አስተዳደር ወጪ ይቆጠር ነበር። ድርጅቱ ሁሉ ግምገማ ላይ መቆጠብ ለመደ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ሲመጣ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው 20 በመቶ ሆነ፣ ትርጉሙ ግን ጠበበ፣ ለፕሮጀክቱ ሥራ የሚወጣው እዚያ ውስጥ አይገባም። ሕጉ ከተለወጠ ቆየ፣ ልማዱ ግን አለ። ስለዚህ እህቴ፣ በጀቱን አሁኑኑ አስገቢ። ለሰዎቹ ጊዜ የሚከፈል፣ ለሲዳምኛ ትርጉም፣ ውጤቱን ይዞ ለመመለስ የሚሆን የመኪና ቀን። በጀት ላይ ያልተጻፈ ነገር አይደረግም።

በሥራ ካየኋቸው ሁለቱን ልንገርሽ። አንደኛው ሪክ ዴቪስ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ባንግላዲሽ ውስጥ ለአንድ የገጠር ልማት ፕሮግራም ያወጣው ዘዴ ነው። አስቀድሞ የተወሰነ መለኪያ (ኢንዲኬተር) የለውም። "ባለፉት ወራት ካየሽው ለውጥ ትልቁ የቱ ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። ታሪኮቹ ይሰበሰባሉ፣ ሰዎቹ ተቀምጠው አንዱን ይመርጣሉ፣ ለምን እንደመረጡትም ይጻፋል። ያ "ለምን" ነው ወርቁ። ለእነሱ ለውጥ ማለት ምን እንደሆነ እዚያ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛው የማኅበረሰብ ውጤት ካርድ ነው። ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ማላዊ ላይ የጀመረው ነው፣ እኛም ጋ በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ብዙ ወረዳ ላይ ተሠርቷል። አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ውጤት የሚሰጠው በባቄላ ነበር፣ ከአምስት። "አክብረው ያስተናግዱናል ወይ" ለሚለው ወንዶቹ ለብቻቸው ተሰብስበው አራት አስቀመጡ። ሴቶቹ አንድ። አዋላጇ ለራሷ ሦስት ሰጠች። ከዚያ ፊት ለፊት ተገናኙ። አዋላጇ እንባዋ መጣ፣ ሴቶቹም ደነገጡ፣ ምክንያቱም እሷን ማለታቸው አልነበረም። ሌሊት ምጥ ይዟት የመጣችን ሴት በሩ ላይ የሚያቆማት ዘበኛው ነበር። ካርድ ስላልያዘች። ያን ዕለት የሌሊት መግቢያው ያለ ካርድ እንዲሆን ተወሰነ። እኔ በዓመት ያን የሚያህል ነገር የሚለውጥ ሪፖርት ጽፌ አላውቅም።

---

ወለላ

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው፣ ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። "ማኅበረሰቡ ይምራው" ስንል ማኅበረሰብ አንድ ሰው ይመስል ነው የምናወራው።

እኔ የሠራሁበት ቦታ "ማኅበረሰቡ ጥያቄውን ያውጣ" ተባለና ስብሰባ ተጠራ። ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ኋላ፣ የተናገሩት አራት ሰዎች። አራቱም መሬት ያላቸው፣ አራቱም የኮሚቴ አባል። የወጣው ጥያቄ "መንገዱ መቼ ይሠራል" ሆነ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን የሴቶቹ አልነበረም። እኛም "ማኅበረሰቡ ወሰነ" ብለን ጻፍን።

ሲዳማ ውስጥ ከሆንሽ ሸክላ የሚሠሩትን፣ ሌላው የሚያገላቸውን ሀዲቾዎቹን አስቢ። ስብሰባ ላይ ቢመጡ እንኳን ማን አጠገባቸው ይቀመጣል? ማን ያስወራቸዋል? ቁጠባ ቡድኑ ውስጥ ስንት አሉ? ይህን ማኅበረሰቡ ራሱ ላያነሳው ይችላል። የምታነሺው አንቺ ነሽ፣ ያንን ኃላፊነት "እነሱ ይምሩት" ብለሽ አትጣይው።

ቁጥሩንም አትተዪ። የወጡት ሦስት ሴቶች ናቸው ወይስ በየቡድኑ ሦስት ሦስት? ይሄ በወሬ አይታወቅም፣ መቁጠር ያስፈልጋል። ብቻ ምን እንደሚቆጠር እነሱ ይንገሩሽ። ሰው ዳሰሳን ሲጠላ ደስ አይለኝም። ድሃ ሴት በቁጥር ካልታየች በጀት ላይ አትታይም።

---

ዱራሜ

ወለላ ልክ ነሽ፣ ግን ሲሆንም አይተናል። እኛ ከምባታ ነን። ቦጋለች ገብረ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅቷን ይዛ ስትመጣ ዓላማዋ የሴት ልጅ ግርዛትን ማስቆም ነበር። ሰዉ መጀመሪያ የነገራት ግን ሌላ ነው። ድልድይ። ወንዙን ተሻግሮ ገበያ መሄድ፣ ልጅ ትምህርት ቤት መላክ አልተቻለም። "ይሄ የኔ ፕሮጀክት አይደለም" አላለችም። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ ነው የማኅበረሰብ ውይይቱ የተጀመረው፣ ሽማግሌውም ወጣቱም ሴቱም ወንዱም ያለበት፣ ወር ሁለት ወር ሳይሆን ዓመታት የፈጀ።

ሰዉ ለራሱ ያወጣው መለኪያ ደግሞ ሰርግ ነበር። ያልተገረዘች ልጅ በአደባባይ ስትዳር፣ ሙሽራውም ፈቅዶ ወድዶ ሲያገባት፣ ሺህ ሰው አይቶ ሲመሰክር። መጠይቅ ላይ "ግርዛት ትቃወማለህ?" ቢባል ሁሉም አዎ ይላል። ልጁን እንዴት እንደዳረ ግን መዋሸት አይችልም። ጥሩ መለኪያ ማለት ለእኔ ሰፈሩ ሁሉ የሚያየው ነገር ነው።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ገንዘብ ከሚልኩት ወገን ነኝ። የከተማችን ተወላጆች ማኅበር አለን፣ እዚህ ሜሪላንድ። ለተማርንበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አሠራን። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ መጣ፣ እኛም በዓመታዊ እራታችን ላይ በትልቁ አሳየነው፣ ሰው አጨበጨበ። ግምገማችን ያ ፎቶ ነበር።

ክረምት ላይ ሄጄ አየሁት። ቤቱ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው፣ እሳቸው ስብሰባ ናቸው። ጊቢው ውስጥ አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ አገኘሁ። ስለ መጽሐፍቱ ስጠይቃት አፍራ ዝም አለች፣ ቆይታ "መጸዳጃ ቤቱ በር የለውም" አለችኝ። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ በእረፍት ሰዓት ቤቷ ትሄድና አትመለስም። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እኛም አልጠየቅንም። ያን ቀን ሆቴል ተመልሼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ፎቶ አንቀበልም። የሴቶች ክበብ ልጆቹ በየሁለት ወሩ በቴሌግራም ድምፅ ይልካሉ፣ መምህር ሳይኖር። ስብሰባችን የሚከፈተው በእሱ ነው። ቀጣዩ ገንዘብ ምን ላይ ይዋል የሚለውም የሚወሰነው ያንን ከሰማን በኋላ ነው። በሩ ተገጥሟል፣ ውሃም ገብቷል፣ ቁልፉም አሁን ከክበቡ ጸሐፊ ጋ ነው።

ደግሞ ለፋውንዴሽኑ ኃላፊ ስትጽፊ ይሄ ይጠቅምሽ ይሆናል። እዚህ አሜሪካ የፋውንዴሽኖቹ ሰዎች ራሳቸው ጥያቄውን አንስተውታል። ጃራ ዲን-ኮፊ የምትባል የግምገማ ባለሙያ ያስጀመረችው የፍትሐዊ ግምገማ እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው ሀሳቡን በጽሑፍ ያወጣው። ግምገማ ፍትሕን ማገልገል አለበት፣ የሰዉን ባህል ማወቅ አለበት፣ ባለቤትነቱም የተሳታፊዎቹ ይሁን ነው የሚሉት። ስለዚህ እንግዳ ነገር ጠየቀችን አይሉሽም።

---

የእድር ጸሐፊ

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ልጄ አንብባልኝ ነው፣ እኔ የምላትንም እሷ ትጽፋለች። ዕድሜዬ 71 ነው። የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ 22 ዓመት አገልግያለሁ።

ግምገማ የምትሉትን እኛ በየወሩ እናደርገዋለን። ስሙን እንዲህ አንለውም። ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሁድ መዝገቡ ይከፈታል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለማን ለቅሶ ወጣ፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል። ድንኳኑ ተቀዷል፣ ወንበር 12 ጎድሏል ይባላል። ማን ነው የመጨረሻ የተዋሰው ይባላል። አንዲት እንጀራ የምትሸጥ ሴት ተነስታ ሊቀመንበሩን ትጠይቃለች፣ ሊቀመንበሩም ቆሞ ይመልሳል። ኦዲተሮቹን የምንመርጠው እኛው ነን። ከሊቀመንበሩ ጋር ዝምድና ያለው አይመረጥም።

ልጄ የሀዋሳዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እነዚያ ሴቶች ፍየሏ ስንት ብር እንደተገዛች ያውቃሉ? የፕሮጀክቱ ገንዘብ ጠቅላላ ስንት እንደሆነ፣ ስንቱ ለመኪና፣ ስንቱ ለአበል እንደሄደ ተነግሯቸዋል? ሰው ሂሳቡን ሳያውቅ ምን ብሎ ይፈርዳል። አመስግኖ ዝም ይላል እንጂ። መዝገቡን ክፈቺላቸው። ቀሪውን እነሱ ያውቁበታል።

---

የመስክ ማስታወሻ (ሀዋሳ)

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእርስዎን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከራሴ አልወጣም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

84ቱን ገጽ ወደ ሁለት ገጽ አወረድኩት። ሲዳምኛ የሚያስተምር ጓደኛ ጻፈልኝ። ይዤው ተመለስኩ፣ ያለ ቀበሌ መሪ፣ ገበያ ባልሆነ ቀን። ያነበበችው የቡድኑ ጸሐፊ ናት፣ እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሂሳቡን ጽፌዋለሁ። ዳይሬክተራችን መጀመሪያ ፈርቶ ነበር፣ በኋላ ፈቀደ።

የፍየሏ ዋጋ ሲነበብ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። "ያን ያህል ብር ለእኛ ቢሰጠን ከዚሁ ገበያ ሁለት እንገዛ ነበር፣ ያውም አገሩን የለመዱ ፍየሎች" አሉ። ከሩቅ በመኪና ተጭነው ከመጡት ውስጥ ስንት እንደሞቱ በጣታቸው ቆጠሩልኝ። የእኛ ሪፖርት ላይ "ፍየል ተከፋፍሏል፣ መቶ በመቶ" ነው የሚለው። የሞተ ፍየል የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም።

መቀጮውን እዚያው ሰረዙት፣ የስብሰባ ቀኑንም ቀየሩት። የወጡትን ሦስት ሴቶች ማን እንደሚያነጋግራቸው ተመደበ። እንሰት ሲፍቁ ያገኘኋቸው እናት ከተመደቡት አንዷ ናቸው።

ወለላ፣ ያልሽውን አልረሳሁም። ከአስራ ስምንቱ አባላት ሀዲቾ የሆነች አንድም የለችም። ጠየቅሁ። መልሱ ረጅም ዝምታ ነበር። ከእነሱ ጋር ለብቻ ለመቀመጥ በሚቀጥለው ሳምንት ሸክላ ወደሚተኮስበት ሰፈር እሄዳለሁ፣ ምን ይዤ እንደምመለስ ግን ገና አላውቅም።

ለፋውንዴሽኑ የላክሁት ሦስት ነገር ነው። ለሁለተኛው ዙር ጥያቄዎቹን ቡድኖቹ እስኪያወጡ ሁለት ወር ስጡን፣ ዳታ ሰብሳቢዎቹ ከዚያው ቀበሌ ይሁኑ፣ ውጤቱን ከእናንተ በፊት እነሱ ይስሙ። ኃላፊዋ ሁለቱን ተቀብላለች። ሦስተኛው ላይ "ከቦርዱ ጋር ልነጋገር" አለች፣ እየጠበቅሁ ነው።

አማካሪው ወንድሜ፣ የባቄላውን ካርድ መሞከር እፈልጋለሁ። በሲዳምኛ የተዘጋጀ ናሙና ያለው ሰው ካለ እባካችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ከእንሰት ቆረጣው በፊት ልናደርሰው ነው፣ ከዚያ በኋላ ሴቶቹን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።